ከቦሌ እስከ አዘዞ

ከቦሌ እስከ አዘዞ ምን ያህል ይርቃል ብላችሁ ምንይችልን ብትጠይቁት በኪሎ ሜትር አይመልስላችሁም። የምድሩን መንገድ በጉልምስናው በአይሱዙ ደጋግሞ ተመላልሶበታል፤ ዐባይ በረሃ ውስጥ ፀሐይ አናቱን እየበሳው ጎማ ቀይሯል። በአየር ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም። ያንን ርቀት የሚያውቀው በመጠበቅ ነው። ሰው ቦሌ ላይ ስልኩን ከዘጋበት ጊዜ አንሥቶ ጎንደር፣ አዘዞ አየር ማረፊያ ወርዶ እስኪከፍተው ድረስ ያለችው አንድ ሰዓት ለሌላው የጉዞ ሰዓት ናት፤ ለምንይችል ደግሞ አንድ ቤተሰብ ፊቱን የሚያስተካክልባት ሰዓት ናት። ያለቀሰ ይታጠባል። ጥቁር የለበሰ ያወልቃል። ለቀስተኛው ከነወንበሩ ወደ ጎረቤት ግቢ ይዛወራል። ከዚያ ምንይችል በነጭ ኮሮላው ተሳፋሪውን ይዞ ከች ይላል።

ሥራው መርዶ ያልሰማ ሰው ማምጣት ነበር።

ይህ ደግሞ እንዴት ሥራ ይሆናል የሚል ሰው የአገሩን ልማድ አያውቅም ማለት ነው። ሞት በስልክ አይነገርም። አዲስ አበባ ላለው ልጅ "እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በል" ይባላል። ትንሽ መታመም ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ልጁ ግን ማወቅ ስለማይፈልግ አያውቅም። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባትና ቢወድቅ የሚይዙት ጎረምሶች ካሉበት ቤት ሲገባ ያኔ መርዶውን ይረዳል። ከአየር ማረፊያው እስከዚያ ቤት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ግን የሆነ ሰው መሸፈን አለበት። ዘመድ አይሆንም፤ ዘመድን ዐይኑ ያጋልጠዋል። ጓደኛም አይሆንም፤ ገና ሲያቅፈው ያለቅሳል።

ምንይችል ይሆናል። ፈጣሪ ለዚሁ ብሎ የሠራው ይመስል ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። የተወለደው አይከል ነው። በመተማ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ጀመረ፣ ሾፌር ሆነ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ደግሞ ኮሮላዋን ገዝቶ ጎንደር ከተማ ውስጥ ኮንትራት መሥራት ያዘ። ለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የላኩት አባቷ የሞቱባት የአንዲት ነርስ ቤተሰቦች ናቸው። ምንይችል ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ቻይና ጎማ እያወራ አደረሳት፤ ምንም አልጠረጠረችም። ወሬው ከአንዱ እድር ወደ ሌላው እድር ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለቄስ፣ ቀጥሎ ለምንይችል ይደወል ጀመር። የመኪናው መንገድ አላስተማምን ብሎ አቅም ያለው ሁሉ በአየር መምጣት ሲጀምርማ ሥራው በዛበት።

የራሱ ዘዴ ነበረው። ቤተሰቡ ካልተዘጋጀ ጎማ ይፈትሻል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ አዘዞ ላይ ጭማቂ ይጋብዛል። ተሳፋሪው መንገድ ላይ ዘመድ እንዳያጋጥመው በውስጥ ለውስጥ ይዞራል። "እንዴት ናት?" ተብሎ ሲጠየቅ "ትናንት አላየኋትም" ይላል፤ ይህ ውሸት አይደለም። በር ላይ ካደረሰ በኋላ ያለው የእሱ ጉዳይ አይደለም፣ የሽማግሌዎች ነው። ጩኸቱ ሲሰማ ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል።

ሥራው ያስመሰግናል፤ ምስጋናው ግን በስልክ ነው። በአካል ሲያገኙት ሰዎች ይሸሹታል። ወንድሙ የሞተበት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ፒያሳ ላይ ምንይችልን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምንይችልን ባየ ቁጥር ወንድሙ እንደ አዲስ ይሞትበታል። አንድ ቀን ደግሞ ጎማው ተንፍሶበት የማያውቃት ሴት በር ላይ ቢያቆም፣ ሴትዮዋ እጇን አናቷ ላይ ጭና ወጣችና "ማንን ነው?" አለችው። ጎማ ነው ብሎ እስኪያስረዳ ድረስ ጎረቤቱ በሙሉ ተሰብስቦ ነበር፣ ማልቀስ የጀመሩም አልጠፉም። ሠርግ ሲጠራ ኮሮላዋን ራቅ አድርጎ እንዲያቆም በትሕትና ይነገረዋል። ስለዚህ ሠርግ መሄድ ተወ። ምሳውን መኪናው ውስጥ መብላት ለመደ። ካፌ ቢገባ እንኳ ወንበር ስቦ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። ብቸኝነቱን ለማንም አላማረረም፤ የሚያማርርለት ሰው ማን አለና።

ከሁሉ የከፋው የደረሰበት ግን ከገዛ ቤቱ ነው። ሚስቱ አገኘሁሽ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ጊዜ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ሳለ አባቷ ድንገት ዐረፉ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረና ታናሽ ወንድሟ ደመቀ ለምንይችል "ያው አንተው ነህ እንግዲህ" አለው። ባሏ ነኝ፣ ይህን አልችልም ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። አዘዞ ሄዶ ተቀበላት። መንገዱን ሙሉ አጫወታት፣ አሳቃትም። ለአባቷ የገዛችውን ሹራብ ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳየው "ሸጋ ነው፣ ያምርባቸዋል" አላት። አባቷ በዚያች ሰዓት ተገንዘው ነበር።

አገኘሁሽ አልጮኸችበትም፣ አልሰደበችውም። ከተዝካሩ በኋላ ግን አብራው መኖር አቃታት። ሲስቅ "ማን ሞቶ ነው?" ትለዋለች። ዝም ሲልም "ማን ሞቶ ነው?" ትለዋለች። በመጨረሻ ፊትህን ማመን አቃተኝ፣ ምን ላድርግ ብላ፣ ልጃቸውን የትናየትን ይዛ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራየች። የትናየት ያን ጊዜ ነፍስ ያወቀች ተማሪ ነበረች፤ ሁሉን አይታለች፣ ሁሉን ሰምታለች። ትምህርቷን ጨርሳ አዲስ አበባ ባንክ ተቀጠረች። ለዓመት በዓል ትደውልለታለች። እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ፣ ደህና፣ በዚያው ያልቃል። ምንይችል ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጥቂት ጆሮው ላይ ያቆየዋል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ አንድ ጠዋት መኪናውን እያጠበ ሳለ ደመቀ ደወለ።

"አያ ምንይችል፣ ተሳፋሪ አለችብህ።"

"ማናት?"

"የትናየት ናት" አለ ደመቀ።

ምንይችል ማን እንደ ሞተ አልጠየቀም፤ ተሳፋሪዋ ከታወቀች ሌላው ግልጽ ነው። አገኘሁሽ ሌሊቱን ሆስፒታል ገብታ ጎሕ ሲቀድ ዐርፋለች። ሌላው ሰው ሲረዳ ይደገፋል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ አይዞህ ይባላል። ምንይችልን ያረዳው የሥራ ጥሪ ሆነ። በአንድ እጁ የሳሙና ጨርቅ፣ በሌላው ስልክ እንደያዘ "እሺ" አለ። ለምን እሺ እንዳለ ያን ጊዜ አልገባውም። ኋላ መንገድ ላይ ሲያስበው ገባውና አፈረ፤ ልጁን የሚያይበት ሌላ ምክንያት ስላልነበረው ነው።

ደመቀ ቀብሩ ከቀትር በኋላ መሆኑን፣ ሰዉ ሁሉ ቀሐ ሰፈር እሱ ቤት መሰብሰቡን፣ የትናየትም ወደዚያው መምጣት እንዳለባት ነገረው። ለልጅቱ እናትሽን ትንሽ አሟታል እንደተነገራት፣ አባትሽ ይቀበልሻል እንዳላትም ጨመረለት። ምንይችል ይህን ሲሰማ ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ምንም አላለችም፣ ደስ ሳይላት አልቀረም አለው ደመቀ። ምንይችል አዘዞ እስኪደርስ ይህችኑ ቃል ሲያመነዥክ ሄደ።

አየር ማረፊያው አጥር ውጭ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች ከሚቆሙበት ራቅ ብሎ ብቻውን ቆመ። ሾፌሮቹ እንኳ ዛሬ ማንን ነው የምትጠብቀው ብለው አይጠይቁትም፤ ያያሉ፣ ያማትባሉ፣ ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። የትናየት በዚያች ሰዓት ከደመና በላይ ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ምን ወሬ እንደሚያወራ ያሰላ ነበር። ዛሬ ግን ሐሳቡ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ተተከለ፤ ልንገራት ወይስ አልንገራት።

ካልነገራት እናቷ ያየችውን ፊት እሷም ታያለች። እናቷ እንደሄደች ትሄዳለች፤ ከእንግዲህ ለዓመት በዓልም አትደውልም። ከነገራት ደግሞ የገዛ ልጁን ሜዳ ላይ፣ ያለ ሽማግሌ ያለ ካህን አረዳ ይባላል። ይባል፣ እሱስ ግድ የለም፤ ግን ብትወድቅስ? የሚይዛት እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የወደቀ ሰው ይዞ አያውቅም። ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጠ። በመጨረሻ እነግራታለሁ አለ፣ ድምፁን አውጥቶ። መኪና ውስጥ እንደገባን፣ ከአዘዞ ሳንወጣ እነግራታለሁ። አውሮፕላኑ በጣና በኩል ብቅ ብሎ ዝቅ እያለ ሲመጣ ወደ መውጫው በር ተጠጋ።

የትናየት አንዲት ትንሽ ቦርሳ አንግታ ወጣች። አረማመዷ ቁርጥ እናቷን ነው። እጁን ለሰላምታ ቢዘረጋ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት፣ ቶሎም አልለቀቀችውም። ምንይችልን ሰው እንዲህ አድርጎ ካቀፈው ዓመታት አልፈዋል፤ እጁን የት እንደሚያደርግ እንኳ ጠፋው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በርዷት ነው አለ በልቡ፣ የአዘዞ ጠዋት ነፋስ አለውና።

"መጣህልኝ አባዬ" አለችው።

ይህችን ስትለው ውሳኔው ላላ። መጣህልኝ ያለችን ልጅ እንዴት አድርጎ እናትሽ የለችም ይላታል? ትንሽ ትቆይ፣ እስከ መኪናው እንኳ አባት ልሁን አለ። መኪናው ጋ ሲደርሱ የትናየት የፊቱን በር ከፍታ አጠገቡ ተቀመጠች። እንዲህ ያሉ ተሳፋሪዎቹ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት፤ የፊቱ ወንበር ላይ ሰው ሲያይ መንዳት የጠፋው መሰለው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ደመቀ ነው፤ የንስሐ አባቷ ገና አልደረሱምና ጥቂት አቆያት አለው። ምንይችል "እሺ፣ እሺ" ብሎ ዘጋና ጭማቂ ልጋብዝሽ አላት። እውነቱን ለመናገር መዘግየቱ ደስ ብሎታል። በዚህ ቀን ደስ ስላለው ራሱን ረገመ፤ ደስታው ግን አልሄደለትም።

አቮካዶ ጭማቂ አዘዘላት። አልነካችውም። ስለ ጉዞዋ ነገረችው። የመስኮቱ ወንበር ደርሷት ጣናን ከላይ አይታዋለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ስለ ልጃቸው ሠርግ ሲያጫውቷት ነበር፤ እንኳን ደስ ያለዎት ብላቸዋለች። አንድ ሰዓት እንዲህ የሚረዝም አይመስላትም ነበር። "ከማያውቁኝ ሰዎች መሀል ተቀምጬ፣ አባዬ ጋ በደረስኩ፣ አባዬ ጋ በደረስኩ ስል ነው የመጣሁት" አለችው። ምንይችል ናፍቄያት ነው አለ፣ ፊቱም በራ። ያ ምንም የማይነበብበት ፊቱ በራ፤ እሷም አየችው።

"አባዬ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?"

በዙሪያቸው ማንም አልነበረም። ልጅቱ ዐይን ዐይኑን ታየዋለች፣ ድምጿ ረጋ ያለ ነው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም። ምንይችል አፉን ከፈተ፤ የዓመታት ልማዱ ግን ቀደመው።

"ምን አለ ብለሽ ነው ልጄ። ሁሉም ሸጋ ነው። የጎማ ዋጋ ነው እንጂ ያስቸገረን" አለ።

ከዚያ ስለ ጎማ ያወራ ጀመር። የቻይናው ቶሎ እንደሚበላ፣ የጃፓኑ እንደማይገኝ፣ አሮጌውን የሚያድሱት ሰዎች እንደሚያጭበረብሩ አንድ በአንድ ተረከላት። ራሱን እየሰማ ራሱን ይታዘበዋል፤ ማቆም ግን አልቻለም። የትናየት ጥቂት አየችውና ወደ ብርጭቆው አቀረቀረች። ሲጨርስ "እሺ፣ እንሂድ" አለች።

መንገድ ላይ ቀስ ብለህ ንዳ አለችው። ቀስ ብሎ ነዳ። ባጃጆች በግራ በቀኝ እየቀደሙት አለፉ፣ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባ ነፋበት። የማራኪው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ እነግራታለሁ ብሎ ለራሱ ማለ። መታጠፊያው ደረሰ። ተማሪዎች መጽሐፋቸውን አቅፈው ይሻገሩ ስለነበር ቆሙ። የትናየት የእናቷ ቤት ወዳለበት ሰፈር አየት አድርጋ፣ ወደ ቤት አይደለም እንዴ የምንሄደው ብላ ጠየቀችው። ይህም ሌላ በር ነበር። ምንይችል ያንንም ዘጋው፤ እናትሽ አጎትሽ ቤት ናት፣ ለሐኪም ይቀርባል ብለው ነው አላት። ለአገኘሁሽ ያምርባቸዋል ካላት ወዲህ ለማንም በግልጽ ዋሽቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ለልጁ ዋሸ። የትናየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቀሐ ቃል አልተነፈሰችም። እሱ ደክሟት ነው አለ። በዝምታዋ ውስጥ ደስ የሚል ነገር ፈልጎ አገኘ፤ አጠገቡ መሆኗን።

የደመቀ ሰፈር ጭር ብሏል። በሩ ላይ ሰው የለም፣ ከግቢው ድምፅ አይሰማም፤ ሁሉ ነገር እንደተባለው ተስተካክሏል። ምንይችል መኪናውን አቆመ። የትናየት አልወረደችም።

"ሞተሩን አጥፋው" አለችው። አጠፋው።

"ጋሼ ደመቀ እማዬን ትንሽ አሟታል ሲለኝ ተስፋ ነበረኝ" አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። "ማን ይቀበለኛል አልኩት። አባትሽ አለኝ። ያኔ አለቀ። አንተ ማንን እንደምትቀበል ጎንደር ሁሉ ያውቃል አባዬ። እኔ ልጅህ አላውቅም?"

ምንይችል መሪውን ጨበጠ።

"ቦሌ ላይ የማለቅስበት ትከሻ አልነበረኝም። አውሮፕላን ውስጥም አልነበረኝም። አፌን በእጄ ይዤ መጣሁ። አዘዞ ስወርድ አባዬ አለ፣ ለእሱም ሚስቱ ነበረች፣ አብረን እናለቅሳለን ብዬ። አቀፍኩህ፣ አልነገርከኝም። ጠየቅኩህ፣ ስለ ጎማ ነገርከኝ።" እንባዋን ጠረገች። "አሁንም ንገረኝ። እነሱ ሳይመጡ ከአንተ አፍ ልስማው።"

እውነት ነው፣ ሞክሯል። ወደ እሷ ዞረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የሚያውቀው ቃል ሁሉ ግን ጎማ፣ ጤፍና ነዳጅ ሆነበት። የትናየት ጠበቀችው። ብዙ ጠበቀችው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ታግሣ ጠበቀችው። በሩ ተከፈተና ካህኑ፣ ሽማግሌዎቹና ደመቀ ወጡ። ሴቶቹ ከጎረቤት ግቢ እየተንጋጉ መጡ። የእሷን በር ከፍተው በግራ በቀኝ ያዟት፤ ካህኑ ሊናገሩ ሲጀምሩ "ዐውቃለሁ አባ፣ ዐውቃለሁ" አለቻቸው። ግቢው ዋይታ ሆነ።

የምንይችልን በር የከፈተ የለም። እሱ አምጥቶ የሚሄድ ሰው ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ደመቀ ብቻ ዐይኑን እየጠረገ በመስኮቱ ጎንበስ አለና እግዜር ይስጥልን አለው። ድንኳኑ እዚህ ስለሚተከልም መኪናውን ፈቀቅ አድርግልን አለው።

ምንይችል ፈቀቅ አደረገ። ወደ ቀሐ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ለቅሶው እየራቀ በሚሰማበት ቦታ ሞተሩን አጠፋ። አጠገቡ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞሮ "የትናዬ፣ እናትሽ ዐርፋለች" አለ። ጥርት ብሎ ወጣለት፣ አልተንተባተበም። ከእሱ በቀር የሰማው አልነበረም። አገኘሁሽ መሞቷ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ያለቀሰውም ያን ጊዜ ነው።